የድሮ ጌም በራስፕቤሪ ፓይ፦ ሲሠራ እንዴት ነው፣ እምቢ ሲልስ ከየት ይጀመራል?

ራስፕቤሪ ፓይ የመታወቂያ ካርድ የምታክል ኮምፒውተር ናት። ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ፣ የዩኤስቢና የኤችዲኤምአይ ቀዳዳው ሁሉም በአንዲት ቦርድ ላይ ተሰድሯል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2012 ከእንግሊዝ ስትወጣ ዓላማዋ ልጆች ፕሮግራሚንግ እንዲማሩባት ነበር፤ ዋጋዋም 35 ዶላር። ሰዎች ግን ቶሎ ሌላ ጥቅም አገኙላት። ቲቪ ላይ ትሰካለች፣ ጆይስቲክ ትቀበላለች፣ መብራት አትበላም። የፋሚኮምን፣ የሴጋን፣ የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን ጌሞች ለማጫወት ከዚህ የተሻለ ርካሽ ነገር ማግኘት ይከብዳል።

የጀመረ ሁሉ ግን አይጨርስም። ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል፣ ጌሙ ተከፍቶ ወዲያው ይዘጋል፣ ድምፁ ይንተባተባል። ያኔ ብዙ ሰው መጀመሪያ ኢሙሌተር፣ ማለትም የድሮውን ማሽን አስመስሎ ጌሙን የሚያጫውተውን ፕሮግራም፣ ይቀይራል፤ ካልሆነለት ሁሉንም አጥፍቶ እንደገና ይጭናል። እኔ በዚህ አልስማማም። አብዛኛው ብልሽት የሚነሳው ከኢሙሌተሩ ሳይሆን ከሥሩ ካሉት ነገሮች ነው፤ ከቻርጀሩ፣ ከሜሞሪ ካርዱ፣ ከጌሙ ፋይል። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የት ደርሶ ቆመ?» ነው። ይህን ለመመለስ ደግሞ ነገሩ ከታች ወደ ላይ እንዴት እንደተገነባ ማወቅ ያስፈልጋል።

ኢሙሌተሩ የሚሠራው ሥራ

ኢሙሌተር አስተርጓሚ ነው። ጌሙ የተጻፈው በድሮው ማሽን ቋንቋ ነው፤ ፓይዋ ደግሞ ያን ቋንቋ አትሰማም። አስተርጓሚው እያንዳንዱን ትእዛዝ ተቀብሎ በፓይዋ ቋንቋ ይደግመዋል። የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። አብዛኛው የድሮ ጌም በሰከንድ 60 ምስል ይስላል። ለአንዱ ምስል ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው ማለት ነው። አስተርጓሚው በዚህ ጊዜ ካልጨረሰ ምስሉ ይጎተታል፣ ድምፁም ይቆራረጣል።

ለፋሚኮም ይህ ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ጃፓን ውስጥ የወጣው ይህ ማሽን ፕሮሰሰሩ 1.79 ሜጋኸርዝ ብቻ ነበር። ፓይ 4 ስትወጣ ፍጥነቷ 1.5 ጊጋኸርዝ ነበር፤ ከ800 እጥፍ በላይ። የፕሌይስቴሽን 1 ፕሮሰሰርም ቢሆን 34 ሜጋኸርዝ አይሞላም።

ግን የፕሮሰሰር ፍጥነት ብቻውን ሁሉን አይናገርም። የድሮ ማሽኖች ውስጥ ብዙ ቺፖች በአንድ ጊዜ ይሠራሉ፤ አንዱ ምስል፣ አንዱ ድምፅ፣ አንዱ ሒሳብ። አስተርጓሚው ሁሉንም እኩል መከታተል አለበት። ሴጋ ሳተርን ሁለት ዋና ፕሮሰሰሮችን ጨምሮ ስምንት ፕሮሰሰሮች ነበሩት። የዘመን እኩያው ፕሌይስቴሽን 1 በአነስተኛ ፓይ ላይ ሳይቀር እየሮጠ እሱ ፓይ 4ን የሚያስጨንቃት ለዚህ ነው። ኒንቴንዶ 64ም ተመሳሳይ ነው። የምስል ቺፑን ጌም ሠሪዎች ራሳቸው በተለያየ መንገድ ፕሮግራም ማድረግ ይችሉ ስለነበር አንዱ ጌም ያለ ችግር ሲሄድ ሌላው ይሰባበራል።

ሌላም ነገር አለ። ሱፐር ኒንቴንዶ ፕሮሰሰሩ ከ3.58 ሜጋኸርዝ አይበልጥም። ሆኖም የያንዳንዱን ቺፕ እንቅስቃሴ አንድ በአንድ በትክክል ለመድገም የተነሳው ቢስኔስ የተባለ ኢሙሌተር በ2011 አካባቢ ወደ 3 ጊጋኸርዝ የሚጠጋ ኮምፒውተር ይጠይቅ ነበር። በፓይ ላይ የምንጠቀምባቸው እንደ ስኔስ9ኤክስ ያሉት አቋራጭ እየወሰዱ ነው የሚሮጡት። አቋራጩ በአብዛኛው ጌም ላይ አይታወቅም። አልፎ አልፎ ግን የአንድ ጌም ጥላ ቢጠፋ ወይም አንድ ድምፅ ቢዛባ መነሻው ይኸው ሊሆን ይችላል፤ የናንተ ጥፋት አይደለም።

የትኛዋ ቦርድ?

እስከ ሱፐር ኒንቴንዶ፣ ሜጋ ድራይቭና ጌም ቦይ አድቫንስ ድረስ ለሚፈልግ ሰው ትንሿ ዜሮ 2 ደብሊው ትበቃለች፤ አብዛኛውን የፕሌይስቴሽን 1 ጌምም ትሞክራለች። ፓይ 3 ፕሌይስቴሽን 1ን በምቾት ታጫውታለች። ኒንቴንዶ 64፣ ድሪምካስትና ፒኤስፒ ካማራችሁ ፓይ 4 ወይም ፓይ 5 ውሰዱ። ፕሌይስቴሽን 2ን ግን ከነዚህ ቦርዶች አትጠብቁ። ፓይ 5 ላይ አንዳንድ ጌም ቢነሳም ለጨዋታ የሚሆን አይደለም።

ራም ላይ ገንዘብ አትጨምሩ። ፕሌይስቴሽን 1 ዋና ሜሞሪው 2 ሜጋባይት ነበር፣ ፋሚኮም ደግሞ 2 ኪሎባይት። 2 ጊጋባይት ያላት ፓይ 4 ለድሮ ጌም ከበቂ በላይ ናት። የ8 ጊጋባይቷን ልዩነት በጥሩ ቻርጀር፣ በጥሩ ሜሞሪ ካርድና በማቀዝቀዣ ብታውሉት ጌማችሁ ላይ ለውጡን ታዩታላችሁ።

መብራቱ

ስለ ቻርጀር ብዙ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም ሰው የማይጠረጥረው እሱን ነው። ፓይ 3 በ5 ቮልት 2.5 አምፒር ትፈልጋለች፣ ፓይ 4 3 አምፒር፣ ፓይ 5 ደግሞ 5 አምፒር። የስልክ ቻርጀር ብዙውን ጊዜ ይህን አይሰጥም። «ፈጣን ቻርጀር ነው፣ ዋቱ ትልቅ ነው» ማለትም አይበቃም። ፈጣን ቻርጀሮች ትልቁን ዋት የሚያወጡት ቮልቱን ወደ 9 ወይም ወደ 20 ከፍ አድርገው ነው። ፓይዋ የምትወስደው 5 ቮልት ብቻ ነው። የ65 ዋት የላፕቶፕ ቻርጀር በ5 ቮልት ላይ ብዙውን ጊዜ ከ3 አምፒር አያልፍም። ፓይ 5 እንዲህ ዓይነት ቻርጀር ሲሰካባት ትነሳለች፤ ግን ለዩኤስቢ ቀዳዳዎቿ በሙሉ የምትሰጠውን ኃይል ወደ 600 ሚሊአምፒር ትቀንሰዋለች። ከዚያ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩ ሲጠፋና ሲመጣ ባለቤቱ ዲስኩን ይረግማል።

ኬብሉም ያው ነው። ቀጭንና ረጅም ኬብል ቮልቱን መንገድ ላይ ይበላዋል። ቻርጀሩ 5 ቮልት ቢያወጣም ቦርዷ ጋ የሚደርሰው ከ4.63 ቮልት በታች ከሆነ ስክሪኑ ጥግ ላይ ቢጫ የመብረቅ ምልክት ይወጣል። ይህን ምልክት ካያችሁ ሌላ ምንም ነገር አትፈልጉ፤ መጀመሪያ ቻርጀሩንና ኬብሉን ቀይሩ። መብራት ያነሳት ፓይ ራሷን ለማዳን ፍጥነቷን ትቀንሳለች። ስለዚህ «ይህ ጌም ላግ ያደርጋል» የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ የቻርጀር ችግር ነው። ምልክቱን የሚደብቅ ሴቲንግ አለ፣ የሚመክሩትም አሉ። እባካችሁ አትደብቁት። ችግሩ አይጠፋም፣ ማስጠንቀቂያው ነው የሚጠፋው።

ሙቀትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ፓይ 4 እና ፓይ 5 ወደ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርሱ መቀዝቀዝ እንዲችሉ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ጌሙ ጥሩ ይጀምርና ከአሥር፣ ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ መጎተት ይጀምራል። የሙቀት ማውጫ ብረትና ትንሽ ፋን ይበቃል። ፓይዋን ከቲቪው ጀርባ አፍናችሁ አታስቀምጧት።

ሜሞሪ ካርዱና ሲስተሙ

ፓይዋ ሲስተሟን የምታነሳው ከማይክሮ ኤስዲ ካርድ ነው። ለጌም የተዘጋጁ ሲስተሞች አሉ፤ ሬትሮፓይ፣ ባቶሴራ፣ ሪካልቦክስና ላካ የታወቁት ናቸው። ሬትሮፓይ ለመነካካት ለሚወድ ሰው ይመቻል፣ ስለ እሱ የተጻፈው መረጃም ብዙ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በማርች 2022 የወጣው 4.8 የተባለው ዝግጁ ቅጂው የሚሠራው እስከ ፓይ 4 እና ፓይ 400 ድረስ ነው። ፓይ 5 ላይ የጫነው ሰው ስክሪኑ እምቢ ቢለው አይግረመው። ፓይ 5 ላላቸው ባቶሴራን ወይም ሪካልቦክስን እመክራለሁ። ገና ለጀማሪም ባቶሴራ ይቀላል።

ሲስተሙን ዳውንሎድ ካደረጋችሁ በኋላ እንደ ተራ ፋይል ካርዱ ላይ ኮፒ ማድረግ አይሠራም። እንደ ራስፕቤሪ ፓይ ኢሜጀር ወይም ባሌና ኤቸር ባለ ፕሮግራም መጻፍ አለበት። ሲጨርስ ዊንዶውስ «ይህ ዲስክ ፎርማት መደረግ አለበት» የሚል ጥያቄ ሊያመጣ ይችላል። እሺ አትበሉት። ካርዱ ላይ ያለው የሊነክስ (ፓይዋ የምትሠራበት ሲስተም) ክፍል ለዊንዶውስ ስለማይነበብ ነው እንጂ ካርዱ ደህና ነው። እሺ ካላችሁት ግን አሁን የጻፋችሁት ይጠፋል።

የካርዱ ጥራት ትልቅ ነገር ነው። ገበያ ላይ 128 ጊጋባይት ተብሎ የሚሸጥ፣ ውስጡ ግን 8 ወይም 16 ብቻ የሆነ ፎርጅድ ካርድ ሞልቷል። ኮምፒውተሩ 128 ብሎ ያነበዋል። እውነተኛው ቦታ ሞልቶ ሲያልፍ ግን ፋይሉ የተጻፈ እየመሰለ ይጠፋል። ምልክቱ የሚገርም ነው። ሲስተሙ በደንብ ይነሳል፣ ጥቂት ጌሞች ይሠራሉ፣ ጌም በጨመራችሁ ቁጥር የበፊቱ ይበላሻል። ኤች2ቴስትደብሊው ወይም ኤፍ3 የሚባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ካርዱን ሞልተው፣ መልሰው አንብበው እውነቱን ይነግሯችኋል። አዲስ ካርድ ገዝታችሁ ይህን ፈተና ሳታሳልፉ ሲስተም አትጫኑበት።

ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን

አሁን «የት ደርሶ ቆመ?» የሚለው ጥያቄ ሥራ ላይ ይውላል።

ቦርዷ ላይ ያለችው ቀይዋ መብራት በርታ አረንጓዴዋ ጭራሽ ብልጭ ካላለች ፓይዋ ካርዱን እያነበበች አይደለም። ካርዱ በደንብ አልገባም ወይም በትክክል አልተጻፈም። አረንጓዴዋ በተደጋጋሚ እየቆጠረች ብልጭ ካለች ደግሞ መልእክት አላት። 4 ጊዜ ከሆነ የማስነሻ ፋይሉን አላገኘችም፣ 7 ጊዜ ከሆነ የሊነክሱን ከርነል (የሲስተሙን እምብርት) አላገኘችም። በሁለቱም ካርዱን እንደገና መጻፍ ነው መፍትሔው።

የቀስተ ደመና ቀለም ያለው ስክሪን ወጥቶ እዚያው ስታክ ካደረገ የመጀመሪያው ደረጃ አልፏል፣ ሲስተሙ ግን አልተነሳም። ሁለት ነገር ጠርጥሩ። አንዱ የተበላሸ ካርድ፣ ሌላው ከቦርዷ ቀድሞ የወጣ ሲስተም።

አረንጓዴዋ መብራት እየሠራች ቲቪው ግን «ሲግናል የለም» ካለ ነገሩ የኤችዲኤምአይ ነው። ቲቪውን መጀመሪያ አብሩ፣ ትክክለኛውን መግቢያ ምረጡ፣ ፓይዋን መጨረሻ ላይ አስነሱ። ፓይዋ ስትነሳ ነው ስክሪን መኖር አለመኖሩን የምታየው። ፓይ 4 ሁለት ማይክሮ ኤችዲኤምአይ ቀዳዳ አላት፤ ለቻርጀሩ ቅርብ በሆነው ሰኩት። በዚህ ብቻ የሚፈታው ችግር ብዙ ነው።

ሜኑው ከመጣ በኋላ ጌሞቹ ካልታዩ ሲስተሙ ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል። ሬትሮፓይ ጌም ያልገባበትን ማሽን ከሜኑው ይደብቀዋል። ጌም ጨምራችሁም ሜኑው የሚያውቀው እንደገና ሲነሳ ነው። ፋይሉ በትክክለኛው ፎልደር መግባቱን አረጋግጡና ሪስታርት አድርጉ። የማስገባቱ መንገድም ቀላል ነው። ባዶ ፍላሽ ላይ «ሬትሮፓይ» የሚል ፎልደር በእንግሊዝኛ ትንሽ ፊደል ፈጥራችሁ ፓይዋ ላይ ትሰካላችሁ። ብልጭታው እስኪቆም ትጠብቃላችሁ። ነቅላችሁ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት ለየማሽኑ ፎልደር ተሠርቶ ታገኙታላችሁ። ጌሞቹን በየቦታቸው አድርጋችሁ መልሳችሁ መሰካት ነው።

ጌሙ ተከፍቶ ሲዘጋ

ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ሜኑው ይሠራል፣ ጌሙን ትመርጣላችሁ፣ ስክሪኑ ለሁለት ሰከንድ ይጠቁራል፣ ተመልሳችሁ ሜኑ ላይ ናችሁ። የምታዩት ሜኑ ኢሙሌሽንስቴሽን ይባላል፤ ሥራው ጌም ማስመረጥ ብቻ ነው። ከሥሩ ሬትሮአርክ የተባለ ፕሮግራም አለ፤ ጆይስቲኩን፣ ድምፁንና ምስሉን የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ሬትሮአርክ ውስጥ ደግሞ ለየማሽኑ ኮር የሚባሉት ትክክለኛዎቹ ኢሙሌተሮች ይሰካሉ። ጌሙ ተከፍቶ ከተዘጋ ኮሩ የተሰጠውን ፋይል አልቀበልም ብሏል ማለት ነው። ምክንያቶቹ ደግሞ ጥቂት ናቸው።

የመጀመሪያው ባዮስ ነው። ባዮስ የድሮው ማሽን ራሱ ሲበራ የሚያነበው ፕሮግራም ነው። ፋሚኮምና ሜጋ ድራይቭ አያስፈልጋቸውም፤ ጌሙ ካሴቱ ላይ ሁሉን ይዞ ይመጣል። በሲዲ የሚሠሩት እንደ ፕሌይስቴሽን 1 ያሉት ግን ይፈልጋሉ። ፒሲኤስኤክስ ሪአርምድ የተባለው ኮር የራሱ ምትክ ባዮስ አለው፣ ሆኖም ከእውነተኛው ጋር የበለጠ ጌም ይሠራለታል። የፕሌይስቴሽን 1 ባዮስ ፋይል መጠኑ በትክክል 524,288 ባይት ነው። ከዚህ ካነሰ ወይም ከበለጠ ትክክለኛው አይደለም። ስሙም በሙሉ በትንሽ ፊደል መሆን አለበት። ለዊንዶውስ ትልቁና ትንሹ ፊደል አንድ ነው፤ ለሊነክስ ግን ሁለት የተለያየ ስም ነው። ስንት ሰው በዚህች ፊደል ብቻ ቀኑን አቃጥሏል!

ሁለተኛው የሲዲ ጌም ፋይል ነው። ብዙውን ጊዜ ጥንድ ሆኖ ይመጣል፤ ትልቅ የቢን ፋይልና ትንሽ የኪው ፋይል። ኪው ውስጡ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ የቢኑን ስም ይዟል። ሰው ስሙ እንዲያምርለት ቢኑን ይቀይረዋል፣ ኪው ግን አሁንም የድሮውን ስም ይፈልጋል። ጌሙ አይነሳም። ኪውን በኖትፓድ ከፍታችሁ ውስጡ ያለውን ስም አስተካክሉ። የተሻለው መንገድ ሁለቱን ወደ አንድ ሲኤችዲ ፋይል መለወጥ ነው፤ መጠኑም ይቀንሳል፣ ስሙን ብትቀይሩትም ምንም አይሆንም።

ሦስተኛው የአርኬድ ጌም ነው፤ እነዚያ ሳንቲም እየተከተተባቸው ይሠሩ የነበሩት ትልልቅ ማሽኖች። ይህ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። ማሜ የተባለው የአርኬድ ኢሙሌተር የወጣው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1997 ነው። ዓላማው ማጫወት ብቻ አልነበረም፤ ማሽኖቹ ከመጥፋታቸው በፊት አሠራራቸውን መዝግቦ ማቆየት ነው። ስለዚህ በየጊዜው አንድ ቺፕ በተሻለ ሁኔታ በተነበበ ቁጥር የጌሙ ፋይል ዝርዝር ይታረማል። ውጤቱ ይህ ነው፦ ለአንዱ የማሜ ቅጂ ትክክል የሆነ ፋይል ለሌላው ጎደሎ ነው። ፓይ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ማሜ 2003 የሚፈልገው የ0.78 ቅጂን ስብስብ ነው። ኤፍቢኒዮ የሚባለው ሌላው ኮር ደግሞ የራሱ ስብስብ አለው። የጌሙ ስም አንድ ሆኖ፣ ዚፑ አንድ መስሎ፣ ውስጡ ይለያል። መፍትሔው ኮር እየቀያየሩ መሞከር ሳይሆን ፋይላችሁ የየትኛው ስብስብ እንደሆነ አውቆ የሚመጥነውን ኮር መምረጥ ነው። የአርኬድ ዚፕ አይፈታም፣ ስሙም አይነካም። ኒዮ ጂኦ የተባሉት ጌሞች ደግሞ ከጎናቸው የራሳቸው የባዮስ ዚፕ ካልተቀመጠ አይነሱም።

ሬትሮፓይ ላይ ጌሙ ሲከፈት ለአፍታ ግራጫ ሳጥን ይወጣል። ያኔ አንድ ቁልፍ ብትጫኑ ኮር መምረጫው ይመጣል። እዚያው ሳጥን ጀርባ ሎግ ፋይል ይጻፋል። ፋይሉ ሲከፈት የጎደለውን ነገር ብዙ ጊዜ በስሙ ይጠራል። ከመገመት ሎጉን ማንበብ ይሻላል።

እዚህ ላይ ስለ መብት አንድ ነገር ልበል። ኢሙሌተር ራሱ ሕገወጥ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሶኒ የፕሌይስቴሽን ኢሙሌተር የሠራውን ኮኔክቲክስን ከሶ እ.ኤ.አ. በ2000 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለኮኔክቲክስ ወስኗል። ጌሞቹና ባዮሶቹ ግን ባለቤት አላቸው። በኛም አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ያስቀምጠዋል። የራሳችሁን ሲዲ ወይም ካሴት ገልብጣችሁ መጠቀም ንጹሑ መንገድ ነው። ለፋሚኮምና ለሜጋ ድራይቭ ዛሬም አዲስ ጌም ሠርተው በነጻ የሚሰጡ ሰዎች አሉ፤ ሥራቸው ድንቅ ነው፣ ሊታወቁ ይገባል። 10 ሺህ ጌም ሞልቶበታል ተብሎ የሚሸጥ ካርድ ግን አትግዙ። መብቱ ቀርቶ ካርዱም ብዙ ጊዜ ፎርጅድ ነው፣ ፋይሎቹም የተደባለቁ ናቸው።

ጌሙ ገብቶ ነገር ሲያበላሽ

ጌሙ ሳይቆራረጥ፣ ሙዚቃውም ገጸ ባሕሪውም ዝግ ያለ ከመሰላችሁ የፋይሉን ስም እዩ። «ዩሮፕ» የሚል ካለበት በሰከንድ 50 ምስል የሚስል የአውሮፓ ቅጂ ነው። ብዙዎቹ ከአሜሪካው ቅጂ በ17 ከመቶ ገደማ ይዘገያሉ፤ ያኔም እንዲሁ ነበሩ። የአሜሪካውን ቅጂ ስትጠቀሙ ይስተካከላል።

የሚቆራረጥ ከሆነ መብራትና ሙቀት መጀመሪያ። እነሱ ደህና ከሆኑ ስክሪኑን ተመልከቱ። ፓይ 4 ከ4ኬ ቲቪ ጋር ስትገናኝ ሙሉውን 4ኬ ለመሳል ትሞክር ይሆናል። የፋሚኮም ጌም ራሱ 256 በ240 ነጥብ ብቻ ነው! ወደ 1080 አውርዱት። የድሮ ቲቪ መስመር የሚያስመስሉት ሼደሮችም ያምራሉ፣ ግን ይከብዳሉ፤ አጥፍታችሁ ሞክሩ። ኒንቴንዶ 64 ላይ የምስል ፕለጊኑን መቀየርና ጥራቱን ማውረድ ብዙ ያግዛል። ኦቨርክሎክ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን ከተመደበለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ፣ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው መፍትሔ አይደለም።

ስትጫኑና ገጸ ባሕሪው ሲዘል መካከል ክፍተት ከተሰማችሁ ቲቪውን ጠርጥሩ። አዳዲስ ቲቪዎች ምስሉን ለማሳመር ያዘገዩታል። ሴቲንጉ ውስጥ «ጌም ሞድ» የሚለውን አብሩት። ልዩነቱ በጣት ይታወቃል።

ድምፅ ጭራሽ ከሌለ ወዴት እየሄደ እንደሆነ እዩ። ፓይ 4 ድምፁን ወደ ኤችዲኤምአይ ወይም ወደ ኢርፎን ቀዳዳ ልትልክ ትችላለች። ፓይ 5 የኢርፎን ቀዳዳ የላትም።

ጆይስቲክ ላይ አንድ የተደበቀ ጣጣ አለ። ሬትሮፓይ የቁልፎቹን አቀማመጥ የሚያስቀምጠው ጆይስቲኩ ራሱን በሚጠራበት ስም ነው። ርካሽ ጆይስቲኮች ብዙዎቹ «ዩኤስቢ ጌምፓድ» ነው የሚሉት። ሁለት የተለያዩ ጆይስቲኮች አንድ ስም ካላቸው ሁለተኛውን ስታስተካክሉ የመጀመሪያው ይበላሻል። እንደገና ስታስተካክሉ ሌላኛው። ሁለቱን አንድ ዓይነት ግዙ፣ ይገላግላችኋል። «ሆትኪ» የሚለውን ቁልፍ (ከሌላ ቁልፍ ጋር ሲጫን ጌሙን የሚዘጋውን) ደግሞ ሴሌክት ላይ አድርጉት። ጨዋታ ላይ ሁልጊዜ የምትጫኑት ቁልፍ ላይ ካደረጋችሁት ጌሙ መሃል ላይ እየዘጋ ያስመርራችኋል። በብሉቱዝ የሚሠራ ጆይስቲክ የሚቆራረጥባችሁ ከሆነ ሰማያዊው ዩኤስቢ 3 ላይ የተሰካውን ዲስክ አርቁት፤ የሁለቱ ሞገድ ይጋጫል።

መብራት ሲሄድ

ይህ እኛን በተለይ ይመለከተናል። ፓይዋ ካርዱ ላይ እየጻፈች መብራት ከሄደ ካርዱ ሊበላሽና ሲስተሙ ዳግመኛ ላይነሳ ይችላል። ስትጨርሱ ሁልጊዜ ከሜኑው አጥፏት፤ አረንጓዴዋ መብራት እስክትቆም ጠብቁ፣ ከዚያ ንቀሉ። ድንገት ለሚሄደው መብራት ግን ትንሽ ዩፒኤስ ካላችሁ ፓይዋንና ቲቪውን በሱ በኩል አድርጉ።

ሴቭም ሌላ ጉዳት አለው፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ጌሙ ውስጥ ባለው ሴቭ ስትጠቀሙ ሬትሮአርክ ወዲያው ካርዱ ላይ አይጽፈውም። ሜሞሪ ውስጥ ይዞት ይቆይና ጌሙን ስትዘጉ ነው የሚጽፈው። ሴቭ አድርጋችሁ ሁለት ሰዓት ተጫውታችሁ መብራት ከሄደ ሁለቱም ሰዓት ሄደ፣ ሴቩም ሄደ። መፍትሔው ቀላል ነው። ሬትሮአርክ ሴቲንግ ውስጥ «ሴቭራም አውቶሴቭ ኢንተርቫል» የሚል አለ። ሲመጣ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ወደ 30 ወይም 60 ሰከንድ አድርጉት። ኢትዮጵያ ውስጥ ፓይ ለሚያዘጋጅ ሰው ከሁሉ በፊት የምነግረው ይህን ነው።

ሴቭ ስቴት የሚባለው፣ ጌሙን ባለበት የሚያቆመው፣ ወዲያው ይጻፋል። ግን ከኮሩ ጋር የተሳሰረ ነው። ኮሩ ሲታደስ ወይም ሲቀየር የድሮው ስቴት ላይከፈት ይችላል። በስቴት ብቻ አትተማመኑ፤ የጌሙንም ሴቭ አብራችሁ አድርጉ።

ሁሉም ነገር በሠራላችሁ ቀን ካርዱን ሙሉ በሙሉ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡት፤ ዊን32 ዲስክ ኢሜጀር ይህን ያደርጋል። ለመመለሻ የምትገዙት ካርድ ከመጀመሪያው ያላነሰ ይሁን። የሁለት ፋብሪካ 32 ጊጋባይት ካርዶች በጥቂት ሜጋባይት ይለያያሉ፣ ያቺ ጥቂት ሜጋባይትም መመለሱን ታስቀራለች። ስለዚህ 32ቱን ወደ 64 መመለስ ይቀላል። የሴቭ ፋይሎቹን ደግሞ ለብቻቸው በየጊዜው ፍላሽ ላይ ገልብጡ። መጠናቸው ትንሽ ነው፤ የመቶ ጌም ሴቭ ከጥቂት ፎቶ የበለጠ ቦታ አይወስድም።